«ትንሽ ይቆይ» ያልኩት እኔ ነበርኩ

ባለፈው ወር በአገልግሎት ኮሚቴያችን ስብሰባ ላይ የአንድ ሰው ጉዳይ ቀረበ። ሰውየው በጠብ መካከል ሰው በስለት አቁስሎ ስድስት ዓመት ታስሮ የወጣ ነው። ከወጣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ በኋለኛው ረድፍ፣ ለበሩ ቅርብ የሆነችው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ጉባኤው ሲያበቃ ማንም ሳይጠይቀው ወንበር ያነሳል፣ ይደረድራል፣ ከዚያ ሰላምታ ሳይሰጥና ሳይቀበል ይሄዳል። ያቀረበው ጥያቄም ከዚህ ያለፈ አልነበረም። ቅዳሜ ማታ አዳራሹን ከሚያዘጋጁት ሰዎች ጋር ስሜ ይጻፍልኝ ነው ያለው።

ሰብሳቢው «ሐሳብ ያለው አለ?» ብለው ዙሪያውን ቃኙ። ሁሉም ጠረጴዛውን ያያል። ዝምታውን የሰበርኩት እኔ ነኝ። «ሰውየውን አልቃወምም፤ ግን ትንሽ ይቆይ» አልኩ። አንድ ጥቅስም ጨመርኩበት፤ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በማንም ላይ ፈጥነህ እጅህን አትጫን ያለውን። የሚጠበቀውን ሰው አግኝተው እፎይ እንዳሉ ሁሉ ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጉዳዩ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። ሦስት ደቂቃ እንኳን አልፈጀም።

ቤቴ ገብቼ ጋደም ስል እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጥቅሱ ስለ ሽማግሌዎች ሹመት የተጻፈ ነው፤ ሰውየው የጠየቀው ወንበር መደርደር ነው። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ከሁሉም በላይ ግን ያን ጠረጴዛ ከከበቡት ሰዎች መካከል «ትንሽ ይቆይ» የማለት መብት የሌለው አንድ ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ።

የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ሳለሁ የመዘምራን ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ለሙዚቃ መሣሪያ መግዣ የሚዋጣው ገንዘብ በእኔ እጅ ይገባል፤ ደብተሩም በእኔ እጅ ነው። በዚያው ሰሞን ዕዳ ነበረብኝ፤ የዕዳውን ምክንያት እዚህ ማንሳቱ ማመካኘት ስለሚመስል እተወዋለሁ። «ለሁለት ሳምንት ብቻ» ብዬ ከሣጥኑ ወሰድኩ። ከዚያ ለሌላ ሁለት ሳምንት። አራት ወር ሆነ።

እስከ ዛሬ ከዓይኔ የማይጠፋው ደብተሩ ነው። ገቢውን የምጽፈው በሰማያዊ እስክሪብቶ ነበር። የወሰድኩትን ደግሞ በዳር በዳር በእርሳስ እጽፍ ነበር፤ በጣም በቀጭኑ፣ ወረቀቱን ሳልጫን። ስመልሰው እንዲጠፋልኝ ነው። ሌብነት መሆኑን ባላምንበት ኖሮ በእርሳስ ለምን እጽፈዋለሁ? አንድ ቀን ሒሳብ እንዲመረመር ተወሰነና ደብተሩን ከሽማግሌዎች አንዱ ወሰዱት። ገጹን ወደ መስኮቱ አዞር ሲያደርጉት እርሳሱ በብርሃኑ እንዴት ብልጭ እንዳለ አስታውሳለሁ። ቀና ብለው አዩኝ፤ አልተቆጡም። እኔም አልካድኩም።

ገንዘቡን ሠርቼ በየወሩ ከፍዬ ጨረስኩ። ማንም ከቤተ ክርስቲያን አላባረረኝም። የመጨረሻውን ክፍያ ያስረከብኩ ቀን ግን እግሬን ነቅዬ ወጣሁ፤ ሰባት ዓመት ቤተ ክርስቲያን የሚባል ደጃፍ አልረገጥኩም። በእነዚያ ዓመታት እግዚአብሔርን አልካድኩም። ከእርሱ ጋር የነበረኝ ነገር የተዘጋ ሒሳብ መስሎኝ ነው የኖርኩት፤ ከፍዬ ጨርሻለሁ፣ ከእንግዲህ አንፈላለግም።

ከሰባት ዓመት በኋላ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ያን ደብተር የመረመሩት ሽማግሌ ቆመዋል። ወንበር ስስብላቸው አልተቀመጡም። «ልጄ፣ ጫማህን አድርግና ና፤ አንድ ነገር ላሳይህ» አሉኝ። ምን ሆነው ነው ብዬ ተከተልኳቸው። ወደ ድሮው አዳራሽ ወሰዱኝና ከኪሳቸው ቀይ ክር የታሰረበት ቁልፍ አወጡ። «ይህ በር እልኸኛ ነው» አሉ። «መጀመሪያ ወደ ራስህ ሳበው፤ ከዚያ ቁልፉን ወደ ግራ አዙር። ከገፋኸው አይከፈትም።» በሩን ከፍተው አሳዩኝ፤ መልሰው ቆለፉት። ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። «እስቲ አንተ ሞክር።»

«ጋሼ፣ እኔ ማን እንደሆንኩ ረስተውታል?» አልኳቸው።

«አልረሳሁትም። ደብተሩን ያገላበጥኩት እኔ ነኝ» አሉ። ቀጥለውም፣ «ሣጥን አልሰጥህም። ለአንተም ለእኛም አይበጅም። እሑድ ጠዋት ሰው ከመምጣቱ በፊት በሩን የሚከፍት ሰው ግን እንፈልጋለን።»

ያን ቀን በሩን ለመክፈት ሦስት ጊዜ ሞክሬያለሁ። እንባዬ ዓይኔን ጋርዶት የቁልፉ ቀዳዳ አልታይህ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ መጽሐፍ ቅዱስን እንደ አዲስ ሳነብ ከሁሉም በፊት የገረመኝ የተጠሩት ሰዎች የሚያቀርቡት ሰበብ እውነት መሆኑ ነው። ሙሴ ትሕትና አብዝቶ አይደለም እኔ ማን ነኝ ያለው። ግብፃዊውን ገድሎ አሸዋ ውስጥ ቀብሮ የሸሸ ሰው ነው፤ በምድያም ምድር አርባ ዓመት የአማቱን በግ ሲጠብቅ ኖሯል። ምላሴ ኮልታፋ ነው ሲል እግዚአብሔር ኧረ አንተ አንደበተ ርቱዕ ነህ አላለውም። የሰውን አፍ የፈጠረ ማን ነው አለው፤ ሙሴ አሁንም ሌላ ሰው ላክ ሲል ደግሞ ተቆጣው፤ ከቁጣውም ጋር ወንድሙን አሮንን ረዳት ሰጠው። ምላሱ ተፈወሰ የሚል አንድ ቃል አላገኘሁም። ጌዴዎንም ምድያማውያንን ፈርቶ ስንዴውን በወይን መጥመቂያ ውስጥ ተደብቆ ሲወቃ ነው መልአኩ «አንተ ጽኑዕ ኃያል ሰው» ብሎ የጠራው። ኤርምያስ ብላቴና ነኝ ሲል በእርግጥም ብላቴና ነበር።

ጴጥሮስ ዘንድ ስደርስ ግን እቆማለሁ፤ እዚያ ሁልጊዜ ነው የምቆመው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ላይ ጴጥሮስ ጌታውን ሲክድ የሚሞቀው የፍም እሳት ነው። በምዕራፍ 21 ከትንሣኤ በኋላ ኢየሱስ በባሕሩ ዳር ሲጠብቃቸው ከፊቱ የነደደውም ፍም ነው። በግሪክኛው ሁለቱም ቦታ ያለው ቃል አንድ ነው፤ በአዲስ ኪዳን ውስጥም ከእነዚህ ሁለት ቦታዎች በቀር ሌላ የትም አይገኝም። ጴጥሮስ ከጀልባው ዘልሎ በውኃው ውስጥ ወደ ዳር ሲመጣ አፍንጫው ላይ የደረሰው የዚያች ሌሊት ሽታ ነው። ኢየሱስ ያን ትዝታ ሊሸፍንለት ይችል ነበር። ፍሙን አንድዶ፣ በዚያው ፍም አጠገብ፣ ሦስት ጊዜ ለካደው ሰው ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» አለው። ሦስተኛው ጥያቄ ጴጥሮስን እንዳሳዘነው ዮሐንስ ጽፏል። በጎቼን አሰማራ የሚለው አደራም በእያንዳንዱ መልስ ላይ ተከትሎ መጣ፤ በመጨረሻ ተጠቅልሎ አልተሰጠውም። እየታመመ እየተሾመ ነበር።

እኔም አዳራሹ ደጃፍ ላይ የሆንኩት ይህንኑ ነበር። እኒያ አዛውንት ወደ ሌላ ቤተ ክርስቲያን፣ ታሪኬን ማንም ወደማያውቅበት ሊወስዱኝ ይችሉ ነበር። እዚያው በር ላይ አቆሙኝ።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ግን ዓመታት ያላየሁት አንድ ነገር ነበር፤ ያየሁትም ባለፈው ወር፣ እንቅልፍ ባጣሁበት ሌሊት ነው። ስለተመረጡት ሰዎች ስናወራ ሁልጊዜ ዓይናችን ያለው በተመራጩና በእግዚአብሔር ላይ ነው። በመካከል የቆመ ሰው አለ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ላይ ሳውል በደማስቆ፣ ቅን በሚባለው መንገድ፣ በይሁዳ ቤት ሦስት ቀን ሳያይ፣ ሳይበላና ሳይጠጣ ተቀምጧል። ጌታ በመንገድ ላይ አስቀድሞ ተናግሮታል። ሆኖም ዓይኑን ሊከፍትለት ሐናንያ የሚባል ሌላ ሰው ወደ እርሱ መሄድ ነበረበት። ሐናንያም «ትንሽ ይቆይ» ያለ ሰው ነው! ጌታ ሆይ፣ ይህ ሰው በኢየሩሳሌም ቅዱሳንህን ስንት ክፉ ነገር እንዳደረሰባቸው ሰምቻለሁ፤ እዚህም የመጣው ሊያስረን ሥልጣን ይዞ ነው አለ። የተናገረው ሁሉ ትክክል ነበር። መረጃው አንድም ስሕተት የለበትም። ጌታም መረጃውን አላስተባበለም፤ «ይህ ለእኔ የተመረጠ ዕቃ ነውና ሂድ» ነው ያለው።

ሐናንያ ሄደ። ገብቶ እጁን ጫነበትና የመጀመሪያው ቃሉ «ወንድሜ ሳውል ሆይ» ሆነ። ምን ያህል ጊዜ በመንገድ ላይ ይህን ቃል እንደተለማመደው አስባለሁ። እጁ እንዳልተንቀጠቀጠ ማን ያውቃል? ሳውል ዓይነ ስውር ስለነበር አላየውም።

በኋላም በኢየሩሳሌም ደቀ መዛሙርቱ ሁሉ ሳውልን ፈርተው ሲሸሹት ወስዶ ወደ ሐዋርያት ያስገባው በርናባስ ነው። ይህም በርናባስ፣ በጵንፍልያ ጥሎአቸው ወደ ኢየሩሳሌም የተመለሰውን ማርቆስን እንደገና ይዞት ሊሄድ ሲል፣ ማን እንደተቃወመው አስቡ። ጳውሎስ! በርናባስ ዋስ ሆኖ ያስገባው ጳውሎስ ነው ከዳተኛውን አንወስደውም ያለው። መከፋፋታቸው እስከ መለያየት ደረሰ፤ በርናባስ ማርቆስን ይዞ ወደ ቆጵሮስ በመርከብ ሄደ፣ ጳውሎስ ሲላስን መርጦ በሌላ መንገድ ወጣ። እኔ ያን ሌሊት በዚህ ክፍል ላይ ራሴን አገኘሁት። ምሕረት የተደረገለት ሰው ለሌላው በር ላይ ሲቆም ከማንም ይልቅ ሊጠነክር እንደሚችል አላውቅም ነበር። ምናልባት የራሳችንን ታሪክ የሚያስታውሰንን ሰው ማየት ስለምንፈራ ይሆናል፤ በእኔ በኩል እውነቱ ይህ ነበር። ያ ሰው ከኋለኛው ረድፍ ተነስቶ ወንበር ሲያነሳ እኔ የማየው እርሳሱን ነው።

ጳውሎስ በመጨረሻ ከእስር ቤት ለጢሞቴዎስ «ማርቆስ ለአገልግሎት ብዙ ይጠቅመኛልና ይዘኸው ከአንተ ጋር አምጣው» ብሎ ጽፏል። ያቺ አንዲት መስመር ለእኔ ከብዙ ስብከት ትበልጥብኛለች። የድሮውን አስተያየት የሻረ ሽማግሌ በሰንሰለት ውስጥ ሆኖ የጻፋት ናት። ያ ጥሎ የሸሸ ወጣት በወንጌል ጸሐፊነት ነው ዛሬ የምናውቀው።

ይህን ስጽፍ አንባቢ በልቡ የሚያነሳውን ጥያቄ አውቃለሁ፤ እኔም ራሴ አንስቼዋለሁና። «እግዚአብሔር ፍጹም ያልሆኑትን ይጠቀማል» የሚለው አባባል ስንት ክፉ ነገር ተሸፍኖበታል። ገንዘብ የዘረፈ አገልጋይ፣ ሴቶችን ያስለቀሰ አገልጋይ፣ ዳዊትን እየጠቀሰ መድረኩን አልለቅም ሲል ሰምተናል። ዳዊትን የሚጠቅስ ሰው ናታንን አይዝለል። ናታን «ያ ሰው አንተ ነህ» ብሎታል፤ ዳዊትም ናታንን ከአደባባይ አላባረረውም፣ በድያለሁ አለ። ሰይፍም ከቤቱ አልራቀም። ይቅርታ ሌላ፣ አደራ ሌላ ነው። ሕፃናትን የጎዳ ሰው ንስሓ ገብቷልና ተብሎ ሕፃናት ዘንድ አይመለስም፤ የተጎዱት ከእርሱ አገልግሎት ይቀድማሉ። ለእኔም ቁልፉ ሲሰጠኝ ሣጥኑ አልተሰጠኝም። ይህ ቅር ያሰኘኝ ቀን አልነበረም፤ ይልቁንም ሣጥኑ ቢሰጠኝ ኖሮ የማላመልጥ ይመስለኛል። የእኒያ አዛውንት ፍቅር ዓይን ያለው ፍቅር ነበር።

በሌላው ጽንፍ የተሳሳቱም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ303 የሮም ንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ ክርስቲያኖችን ማሳደድ ሲጀምር መጻሕፍቱን አምጡ ተባለ፤ አንዳንድ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ከሞት ለመትረፍ ቅዱሳት መጻሕፍትን አሳልፈው ሰጡ። ስደቱ ካለፈ በኋላ በሰሜን አፍሪካ ዶናቲስቶች የተባሉት ወገኖች በእነዚህ ሰዎች እጅ የተፈጸመ ሹመትም ሆነ ጥምቀት ዋጋ የለውም ብለው ተነሱ። ክፍፍሉ ከመቶ ዓመት በላይ ዘለቀ። በዚያ ክፍፍል መካከል የተነሣው፣ በዚያው በሰሜን አፍሪካ የሂፖ ከተማ ጳጳስ የነበረው አውግስጢኖስ፣ እርሱም ራሱ ከብዙ መዞር በኋላ እ.ኤ.አ. በ387 የተጠመቀ ሰው፣ ጸጋው የክርስቶስ እንጂ የአገልጋዩ አይደለም ብሎ ተከራከረ። የዶናቲስቶችን ቁጣ እረዳዋለሁ፤ ልጆቻቸው ሲሞቱ መጽሐፉን አስረክበው የተረፉ ሰዎች ነበሩ። ግን ንጹሕ እጅ ብቻ ፈልጎ የሄደ ሰው መጨረሻው የት ነው? የራሱን እጅ የሚደብቅበት ቦታ ሊያጣ ነው።

በበረሃ አባቶች ዘንድ ደግሞ አንድ ታሪክ አለ። ሙሴ ጸሊም በትውልዱ ኢትዮጵያዊ እንደነበረ የሚነገርለት፣ በአራተኛው መቶ ዓመት በግብፅ የሽፍቶች አለቃ የነበረ ሰው ነው፤ በኋላ በአስቄጥስ በረሃ መነኮሰ፣ ቅስናም ተቀበለ። አንድ ቀን አንድ ወንድም ጥፋት አጥፍቶ ሊፈርዱበት ጉባኤ ተሰበሰቡ። ሙሴን ቢጠሩት አልመጣም። እንደገና ላኩበት። በመጨረሻ የሚያፈስ እንስራ ውኃ ሞልቶ ተሸክሞ መጣ። አባቶች ወጥተው ይህ ምንድን ነው አሉት። ኃጢአቴ ከኋላዬ እየፈሰሰ ነው፣ እኔም አላየውም፤ እንዲህ ሆኜ ነው ዛሬ በሌላው ጥፋት ልፈርድ የመጣሁት አላቸው። ወንድሙን ምንም ሳይሉት ለቀቁት።

ይህን ታሪክ ከዚህ ቀደም ለሌሎች ተርኬዋለሁ። በስብሰባው ቀን ግን እንስራውን ቤቴ ትቼ ሄጄ ነበር።

በማግሥቱ እኒያን አዛውንት ልጠይቃቸው ሄድኩ። አሁን ከቤት አይወጡም፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ድምፃቸውም ዝቅ ብሏል። ያልኩትን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ጥቅሱንም ጭምር። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከቆይታ በኋላ ከዚህ በፊት ነግረውኝ የማያውቁትን ነገር ነገሩኝ።

«አንተ ዘንድ የመጣሁ ጊዜ የመጀመሪያዬ አልነበረም» አሉ። «ከዚያ በፊት ሦስት ቅዳሜ እደጃፍህ ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ። አንዱን ቀን ላንኳኳ እጄ ተነስቶ ነበር። ይህ ልጅ እንደገና ቢያዋርደን ምን እላለሁ እያልኩ ነው የተመለስኩት። ፈርቼህ ነበር።»

ምን እንደምል ጠፋኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ የምፈራው እኔ ብቻ ነበር የመሰለኝ።

«በአራተኛው እንዴት አንኳኩ ታዲያ?» አልኳቸው።

«ፍርሃቱ አልሄደልኝም። ከነፍርሃቴ አንኳኳሁ» አሉ። ከዚያ ፈገግ ብለው፣ «በሩ አሁንም እልኸኛ ነው?» አሉኝ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ጉዳዩ እንደገና እንዲነሳ ጠየቅሁ። ከአሥር ሰዎች መካከል ስምንቱ የማያውቁትን የእርሳሱን ነገር ተናገርኩ። ድምፄ ተቆራርጧል፤ ያን ያህል የተዘጋጀሁበት ንግግር ግማሹ ጠፍቶኛል። አንዲት እኅት ስለ ሰውየው እስር ጠየቀች፤ ተገቢ ጥያቄ ነበር፣ በግልጽ መልስ ተሰጣት። የቆሰለው ሰው በሌላ ቦታ የሚኖር መሆኑ፣ ታስሮ የወጣውም ይቅርታ መጠየቁ ተነገረ። ከሌላ አንድ ወንድም ጋር ሆኖ እንዲሠራ፣ ከእኛም አንዱ በየወሩ ከእርሱ ጋር ቁጭ ብሎ እንዲነጋገር ተወሰነ። ያ አንዱ እኔ ልሁን አልኩ።

ባለፈው ቅዳሜ አመሻሹ ላይ ከሰዓቱ ቀድሞ መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆሞ አገኘሁት። እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከትቷል። ከቤት ስወጣ ጀምሮ አንዲት ቃል ስለማመድ ነበር የመጣሁት፤ አጠገቡ ስደርስ ልትጠፋብኝ ምንም አልቀራትም።

«ወንድሜ፣ ቆየህ?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ኪሴ ውስጥ የነበረውን ትርፍ ቁልፍ አውጥቼ ሰጠሁት፤ ክሩ ካረጀ በኋላ አዲስ ቀይ ክር አስሬለታለሁ። ተቀበለኝና ቀዳዳው ውስጥ ከቶ በሩን ገፋው። አልተከፈተም። እንደገና ገፋው።

«ቀስ በል» አልኩት። «መጀመሪያ ወደ ራስህ ሳበው።»